ማንም ሳይከፍትበት የሞላው ሲንክ

ስልክ ተደውሎ የተነገረኝ «የወጥ ቤቱ ሲንክ ያፈስሳል» የሚል ነበር። ስደርስ ግን የሚያፈስስ ነገር አላገኘሁም። ወለሉ ተወልውሎ ደርቋል። ከሲንኩ ሥር ያለው ቁም ሳጥን በሩ ተበርግዶ እየተናፈሰ ነው፤ የታችኛው ጣውላ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ ጠርዙም እንደ ቅጠል ተላልጧል። የቤቱ ባለቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ እናት ናቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡና አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ወደ ሳሎኑ በር ተመለከቱ። ልጃቸው እዚያ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ቧንቧ ከፍቼ ረስቼ አላውቅም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

በአራት ወር ውስጥ ሲንካቸው ሦስት ጊዜ ሞልቶ ወለሉን አጥለቅልቆታል። ሦስቱም ጊዜ እርሳቸው ከቤት ወጥተው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ልጆቻቸው «ቧንቧውን ዘንግተሽው ነው» አሏቸው፤ በሁለተኛው ቀን ምንም አላሉም፣ ዝም ብለው ተያዩ። እኚህን ሴት ከውሃው ይልቅ ያደማቸው ያ መተያየት እንደነበረ ለመረዳት ብዙ አልፈጀብኝም። ሦስተኛውን ጊዜ ከቤት ሲወጡ የውሃውን ዋና መዝጊያ ራሳቸው ጠምዝዘው ዘጉት። ሲመለሱ ወለሉ እንደገና ረጥቧል። ልጃቸው ይህን ሲሰማ «ምናልባት የዘጋሽው መስሎሽ ይሆናል» አላቸው።

በእኔ ሥራ የደንበኛን ቃል እንደ ወረደ አለመቀበል ልማድ ነው። ሰው ያየውን ሳይሆን የገመተውን ይነግርሃል። እኚህ እናት ግን ያዩትን መዝግበዋል። ከግድግዳ የቀን መቁጠሪያ በተቀደደ ወረቀት ጀርባ ሦስቱን ቀናት ጽፈዋል፦ ሦስቱም ቅዳሜ፣ ሦስቱም ከረፋዱ በፊት። ከሥሩም በተመሳሳይ እርሳስ «ውሃው አረፋ አለው። ቅባት አለው። የሩዝ ፍሬ አለው። እኔ ሩዝ ከቀቀልኩ ሁለት ሳምንት አልፎኛል» የሚል ሰፍሯል። በሃያ ዓመት የሥራ ዘመኔ ከደንበኛ እጅ የተቀበልኩት ከሁሉ የተሻለ የምርመራ መዝገብ ይህ ነው።

ወደ ቧንቧው ከመሄዴ በፊት በራሱ በክሱ ልጀምር አልኩ፤ ክሱ በቁጥር ሊፈተን ይችላልና። የሲንኩ ገንዳ 40 በ35 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 18 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው፤ 25 ሊትር ያህል ይይዛል። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ደቀንኩበት፤ በ1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሞላ። ይህ በደቂቃ 8 ሊትር ነው። የሲንኩ መውጫ ተደፍኖ ቢሆን ገንዳው በሦስት ደቂቃ አካባቢ ይሞላል። መውጫው ክፍት ከሆነ ግን ቧንቧውን ቀኑን ሙሉ ከፍተህ ብትተወው ገንዳው አይሞላም፤ የገባው ሁሉ ይወርዳል። የመውጫው መክደኛ ጎማ ደግሞ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተንጠልጥሏል። አንስቼ አየሁት፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ አቧራም ለብሷል። እኚህ እናት ዕቃ የሚያጥቡት በሳፋ ነው። ስለዚህ ቧንቧ ተረሳ የሚለው ታሪክ እውነት እንዲሆን ሌላ የተደፈነ ነገር ያስፈልገዋል፤ እርሱ ደግሞ የእርሳቸው ጥፋት ሊሆን አይችልም።

ልጁ ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆሞ ነበር። «ታዲያ ይህ ቀዳዳ ለምን አላዳነንም?» ብሎ ከገንዳው ጠርዝ ዝቅ ብሎ ያለውን የትርፍ ውሃ መውጫ አሳየኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ ቀዳዳ ላይ ከሚገባው በላይ ይተማመናል። ከቀዳዳው የሚነሣው ቀጭን ቱቦ ወርዶ የሚገናኘው ከሲንኩ መውጫ ሥር ነው፤ ከሲፎኑ፣ ማለትም ሽታ የሚያግድ ውሃ ከሚይዘው የታጠፈ ቧንቧ በላይ ማለት ነው። መክደኛው ተደፍኖ ውሃ ከላይ ሲሞላ ቀዳዳው ያግዛል፣ እርሱም ውስጡ በዝቃጭ ካልተደፈነ። ሲፎኑ ወይም ከእርሱ በታች ያለው ቧንቧ ከተዘጋ ግን ቱቦውም ወደዚያው ወደተዘጋው መንገድ ነው የሚወርደው። ውሃ ከታች ወደ ላይ ሲመለስማ ቀዳዳው መዳኛነቱ ቀርቶ ሁለተኛ መግቢያ ይሆናል። በአንዳንድ አገር የሚሠሩ የወጥ ቤት ሲንኮች ይህ ቀዳዳ ጭራሹኑ የላቸውም።

ከእኔ በፊት ሁለት ባለሙያዎች መጥተዋል። የመጀመሪያው ሲፎኑን አውጥቶ አዲስ ገጠመ። አሠራሩ ንጹሕ ነው፣ አልነቅፈውም፤ ብቻ ያልታመመውን አካል ነው ያከመው። ሁለተኛው ኮስቲክ ሶዳ በፈላ ውሃ በጥብጦ ሁለት ቀን ደጋግሞ አፈሰሰበት። ሶዳው ቅርብ ያለውን ቅባት ያሞቀዋል፣ ያላላዋል፣ ከፊሉንም ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። የላላው ቅባት ግን ከቤት አይወጣም፤ ጥቂት ሜትር ተጉዞ ቀዝቃዛ ቧንቧ ሲያገኝ እንደገና ይረጋል። በዚያ ላይ ቀጥሎ ሲፎኑን የሚፈታው ሰው ፊቱን ከቧንቧው ሥር አድርጎ እንደሚሠራ አስቡት፤ ውስጡ የተኛው ሶዳ ዓይን ያጠፋል። በረኪናና አሲድ ያለው ማጽጃ አንድ ላይ ከተገናኙ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ። ስለዚህ ማንኛውንም ሲፎን ከመፍታቴ በፊት «ምን አፍስሳችሁበታል?» ብዬ መጠየቅ ካቆምኩ ያን ቀን ሥራውን ማቆም አለብኝ ማለት ነው።

ሲፎኑን ፈታሁት። ከታች ባልዲ አለ። ውስጡ ንጹሕ ነው፤ ጠረን የሚያግደው 5 ሴንቲ ሜትር ውሃም በቦታው ነበር። ይህ ውሃ የሚያግደው ሽታን ብቻ ነው። ከታች የሚገፋ ውሃን ለአፍታም አያቆምም።

ሕንፃው ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ አለው። ወጥ ቤቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩ ሲሆን የላይኞቹ አራት ሲንኮች ውሃ በአንድ ባለ 75 ሚሊ ሜትር ወራጅ ቧንቧ ይወርዳል። ወራጁ ከምድር ቤቱ ወለል በታች ወዳለው መጋዘን ሲደርስ በጣሪያው ሥር ታጥፎ 6 ሜትር በአግድም ይሄድና ውጭ ያለው ማንሆል ውስጥ ይገባል። ምድር ቤቱ ላይ የሚኖሩት የእኚህ እናት ሲንክ የሚገባው ወደ ወራጁ ሳይሆን ወደ አግዳሚው ቧንቧ ነው፤ ከማጠፊያው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቆ። ከአራት ፎቅ የወረደ ውሃና የሳሙና አረፋ ተምዘግዝጎ መጥቶ የሚላተመው በዚያች ማጠፊያ ነው። ሲንክን እዚያ አጠገብ መግጠም በግርግር መሐል ወንበር እንደማስቀመጥ ነው።

የሕንፃውን ተቆጣጣሪ ጠራሁትና ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ ያሉ ነዋሪዎች ሲንካቸውን በመክደኛ ደፍነው እስከ አፉ እንዲሞሉ፣ ከዚያም ስነግራቸው በአንድ ጊዜ እንዲለቁ ለመንኩ። ሲፎኑ እንደተፈታ፣ ከግድግዳው የሚወጣው የቧንቧ አፍ ባዶውን ባልዲው ላይ ተደግኖ፣ ሦስታችንም ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብለን ጠበቅን። የውሃው ዋና መዝጊያ ተዘግቷል፤ የዘጋው ልጁ ራሱ ነው። በስልክ «ልቀቁ» አልኩ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር እንደ ዝናብ ወረደ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ የቧንቧው አፍ ትንፋሽ አወጣ፤ ቀዝቃዛ፣ የሰነበተ የቅባት ሽታ ያለው ትንፋሽ። ቀጥሎ ቡልቅ፣ ቡልቅ የሚል ድምፅ መጣና ነጭ አረፋ እንደ ምላስ ወጣ። አርባ ሰከንድ ያህል እንደሆነው ግራጫ ውሃ ባልዲው ውስጥ መንዠቅዠቅ ጀመረ። ባለ 10 ሊትሩ ባልዲ ሞልቶ ሁለተኛ አቀረብን። እናትየው ምንም አልተናገሩም። ልጁን አዩት፤ እርሱ ባልዲውን ያይ ነበር።

ከፎቅ የወረደው ውሃ መንገድ ሲያጣ ወደ ላይ አይመለስም፤ በቧንቧው ውስጥ ቁመቱ እየጨመረ ሄዶ የመጀመሪያዋን ክፍት ቦታ ሲያገኝ ይወጣል። የመጀመሪያዋ ክፍት ቦታ ሁልጊዜ ዝቅ ብላ ያለችው ሲንክ ናት። ስሌቱ ቀላል ነው። 75 ሚሊ ሜትር የሚባለው ቧንቧ የውስጥ ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን በአንድ ሜትር ቁመት የሚይዘው 4 ሊትር እንኳ አይሞላም። ከመጋዘኑ ጣሪያ እስከ ምድር ቤቱ ገንዳ ወለል ያለው ከፍታ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ አግዳሚው ቧንቧ አስቀድሞ በውሃ የተሞላ ከሆነ ላይ ያለ አንድ ሰው የሚለቀው አንድ ገንዳ ውሃ እዚህ ታች ብቅ ለማለት ከበቂ በላይ ነው። በሥራ ቀን ነዋሪዎቹ ጥቂት በጥቂት ስለሚለቁ ውሃው በጠበበችው ቀዳዳ እየተንጠባጠበ ያልፋል። ቅዳሜ ጠዋት ግን አራቱም ወጥ ቤት አንድ ላይ ይታጠባል። የቀን መቁጠሪያው ወረቀት ከመጀመሪያው ይህንኑ ነበር የሚለው።

ጣሪያው ላይ ወጥቼ የወራጁን የአየር መውጫ አየሁ፤ ክፍት ነው። ወደ መጋዘኑ ወረድኩ።

አግዳሚው ቧንቧ በዓይን ሲያዩት እንኳ ሆዱ ወርዷል። ከጣሪያው ጋር ያንጠለጠሉት የብረት ማሰሪያዎች በየሁለት ሜትር ተኩሉ የተተከሉ ናቸው፤ ለፕላስቲክ ቧንቧ ከ1.2 ሜትር ባይርቁ ይመረጣል። ከእነርሱም አንዱ ዝጎ ተበጥሷል። ውሃ በያዘ ቀጭን ቱቦ ከፍታና ዝቅታውን ለካሁት። 6 ሜትር ርዝመት በ2 በመቶ ተዳፋት 12 ሴንቲ ሜትር መውረድ ነበረበት። ይህ ግን መካከሉ ላይ ከመጨረሻው ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ውሃው መጨረሻ ላይ ዳገት ይወጣ ነበር ማለት ነው። በመፍቻ እጀታ ከጫፍ እስከ ጫፍ መታ መታ አደረግኩት፤ ሁለቱ ዳርና ዳር ይጮኻሉ፣ መካከሉ ግን እንደ እርጥብ ግንድ ዱም ይላል።

ማጽጃ አፍ ፈለግሁ። ከማጠፊያው ላይ አለ፤ ከፊቱ ግን የመጋዘን መደርደሪያ ግድግዳው ላይ ተበስቶ ታስሯል። በዚህ ነገር ሁልጊዜ እናደዳለሁ። ማጽጃ አፍ ተከፍቶ ረጅም ሽቦ እንዲገባበት የተሠራ በር ነው፤ ፊቱ ላይ ዕቃ የሚያስር ሰው በሩን በጡብ ከሚደፍን አይለይም።

ነዋሪዎቹ ለአንድ ቀን ውሃ ወደ ሲንክ እንዳይለቁ ተነገራቸውና ቧንቧውን ቆረጥነው። የተቆረጠውን ቁራጭ ለእናትየው አምጥቼ አሳየኋቸው። ውስጡ ግራጫ ነጭ ግግር ለብሷል፤ በጥፍር ሲጫኑት የማይሰረጉድ፣ በቢላዋ ሲፍቁት እንደ ጠመኔ የሚፈረፈር። ውሃው የሚያልፍበት ቀዳዳ አውራ ጣቴን ያስገባል፣ ሁለት ጣት አያስገባም። ይህ ተራ የረጋ ዘይት አይደለም። ቅባት ሲበሰብስ የሚወጣው አሲድ በውሃ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተዋሕዶ ጠንካራ፣ በውሃ የማይሟሟ ሳሙና ይሆናል። በ2017 ለንደን ውስጥ ኋይትቻፕል በተባለ ሰፈር የፍሳሽ መስመር ውስጥ የተገኘው 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ያለው የቅባት ግግር የዚሁ ዘመድ ነው።

ሽቦ በመስደድ ብቻ አልጨረስነውም። ሽቦ እንዲህ ያለውን ግግር ይበሳዋል እንጂ አይጠርገውም፤ ውሃ ያልፋል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ ስልክ ይደወላል። 6 ሜትሩን ሙሉ በሙሉ ቀየርነው። ማሰሪያዎቹን በየ1.2 ሜትር ተከልን፣ ተዳፋቱን 12 ሴንቲ ሜትር አደረግን፣ ባለ 90 ዲግሪውን ነጠላ ማጠፊያ አውጥተን በሁለት ባለ 45 ዲግሪ ተካነው። መደርደሪያው ተነሣ።

የቀረው የምድር ቤቱ ሲንክ ነው። ልጁ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ ኖሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት መዝጊያ እንድገጥም ጠየቀኝ። መዝጊያው መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ግን ቅባት በሚያልፍበት መስመር ላይ ክዳኑ ቅባት እየለበሰ በደንብ መግጠም ያቅተዋል። በዚያ ላይ ከውጭ የመጣውን ውሃ ሲያግድ የራሳቸውንም ውሃ ይዘጋባቸዋል። ሲንኩን ከማጠፊያው ራቅ አድርጎ እዚያው አግዳሚ ላይ መግጠምም ሌላ አማራጭ ነው። ቢያንስ የቧንቧውን ስፋት አሥር እጥፍ፣ ማለትም 75 ሴንቲ ሜትር ከራቀ ከአረፋውና ከግፊቱ ይድናል። አግዳሚው ራሱ ዳግም ከተዘጋ ግን ታሪኩ ይደገማል። ስለዚህ ለሲንካቸው የራሱ የሆነ ባለ 50 ሚሊ ሜትር መስመር ዘርግተን ለብቻው ማንሆሉ ድረስ ወሰድነው፤ 7 ሜትር ርዝመት፣ 14 ሴንቲ ሜትር ተዳፋት። መስመሩ ረጅም ስለሆነ ውሃው ሲወርድ የሲፎኑን ውሃ ጠጥቶት እንዳይሄድ ከሲንኩ ሥር አየር ወደ ውስጥ ብቻ የሚያስገባ ትንሽ ክዳን ከቧንቧው ከፍ አድርገን ገጠምን።

እዚህ ላይ ለሕንፃው ነዋሪዎች ያልሸሸግሁት አንድ ነገር አለ። አግዳሚው ቧንቧ ነገ ቢዘጋ የሚሞላው ምድር ቤቱ አይሆንም፤ አሁን ዝቅተኛዋ ሲንክ አንደኛ ፎቅ ያለችው ናት። መጥለቅለቁን አንድ ፎቅ ከፍ አደረግነው እንጂ አላጠፋነውም። ይህን በስብሰባቸው ላይ ስናገር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስልኩን ሲነካካ የነበረው የአንደኛ ፎቅ ነዋሪ ቀና አለ። ስለ ቅባት የተነሡት ጥያቄዎች በሙሉ ከዚያ በኋላ ከእርሱ አፍ የወጡ ናቸው።

የፈላ ውሃ ቢደፋበትስ? አለ። ቅባቱን ከእርስዎ ቤት አውጥቶ ታች ያረጋዋል አልኩት። ብዙ ፈሳሽ ሳሙናስ? ሳሙና ቅባቱን ለጊዜው በታትኖ ያሻግረዋል፣ ርቆ ሲሄድና ሲቀዘቅዝ ግን እንደገና ይሰባሰባል። የሚሠራው ነገር አሰልቺ ነው፦ መጥበሻውንና ሳህኑን ከማጠብ በፊት በወረቀት መጥረግና ወረቀቱን ቆሻሻ ውስጥ መጣል፣ የተረፈ ዘይትን ሲንክ ውስጥ ሳይደፉ በዕቃ ማጠራቀም፣ የመውጫው አፍ ላይ ወንፊት ማስቀመጥ። ሲንኩ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ወይም ውሃው ከወትሮው ከዘገየ ደግሞ በዚያው ሳምንት መናገር። ከእነዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል በወረቀት መጥረጉን እመርጣለሁ።

ልሰናበት ስል እናትየው የቀን መቁጠሪያውን ወረቀት አውጥተው «እዚህ ላይ ጻፍልኝ» አሉኝ። ምን ልጻፍ ስላቸው «ቧንቧው ተዘግቶ እንደነበር» አሉ። ከሦስቱ ቅዳሜዎች ሥር ጻፍኩላቸውና ፈረምኩ። ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፉት።

ስድስት ወር ሲሞላ በተስማማነው መሠረት ማጽጃውን አፍ ለመክፈት ተመልሼ ሄድኩ። ክዳኑን ስፈታ ባትሪ ይዞ ያበራልኝ የነበረው የአንደኛ ፎቁ ነዋሪ ነው። የቧንቧው ወለል ላይ ከወረቀት የማይወፍር ቢጫ ሽፋን ተኝቶ ነበር፤ በጨርቅ ጠረግሁት፣ ለቀቀ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ራሱ በዓይኑ አየና «ከአራተኛ ፎቅ ነው የሚመጣው» አለኝ።